የጎደለች ጣት

ቦራ ሲወርድብን ከካርሶ ተራራ፣
ጃንጥላም ባለቤቱም ይበራሉ በተራ።
ትሪዬስቴ እንዲህ ናት፤ ነፋሷን ታማለች፣
እንግዳ ካማው ግን ትቆጣበታለች።

ይህን የጻፈልን አንድ መጽሐፍ ነበር፣
ሽፋኑ የተላጠ፣ ጨው የቀመሰ በባሕር አየር፤
ስለ ኦርሶላ ነው፣ ዳገት ላይ ገመድ ስለምትወጥር፣
ሽማግሌ እንዳይወድቅ፣ ሕፃን እንዳይበር።
ሃምሳ ዓመት ዘልቃለች፣ አንድ ዓይኗ ሸውራራ፣
የቀለበት ጣቷን ገመድ የበላባት አንድ ሌሊት በሥራ፤
ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ «እወድሃለሁ» አትልም፤
ላንድ ፖስተኛ ብቻ ሾርባ ታሞቃለች፣ ሌላ ቃል የላትም።

እኛ አንባቢዎቿ፣ ዘጠኝ የምንሆን፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሊቪዮ ሱቅ ኋላ ተሰብስበን፣
ስናነብ ስንጣላ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነን።
ትራም ትነዳ የነበረችው ኒቬስ ገጹን በቃሏ ታውቃለች፤
«መቶ አርባ አንድ» ካላችኋት፣ ዓይኗን ጨፍና ታወርደዋለች።

ፊልም ሊሠራ ነው ተባለ።
ሊቪዮ ጺሙን ተላጨ፤ እኔ ጫማ አስጠረግሁ፤
ለሠርግ እንደ ተጠራ ሰው ከረቫት ተዋስሁ።
የሲኒማው ወንበር ቀይ ከፋይ ለብሷል፤
መብራቱ ሲጠፋ ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ከፊቴ ተቀምጧል።

ከዚያስ?
ከዚያማ ፀሐይ ወጣ፤
ባሕሩ እንደ መስተዋት፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ፤
ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ የጓሮ ልብስ እንኳን ዝም፤
በነሐሴ ቀርጸውታል አሉ፣ ያውም ሌላ አገር፤ ነፋስ ከበጀቱ የለም።
እሷማ ሃያ አራት ዓመቷ፤ ፀጉሯ ሐር፣ ጥርሷ ወተት፣
ዓይኖቿ ቀጥ ያሉ፣ ጣቶቿ ዐሥር፤ ቆጠርኋቸው ሁለት ጊዜ በፍርሃት።
ገመዱስ? ገመዱ ወገቧ ላይ ለጌጥ ታሰረ፤
ፖስተኛው መርከበኛ ሆነ፣ ሾርባውም በወይን ጠጅ ተቀየረ።
በዐሥራ ሁለተኛው ደቂቃ «እወድሃለሁ» አለች፤
ከጎኔ ኒቬስ እንደ ተወጋ ሰው አቃሰተች።
«ይኼ ገጽ የለም» አለች በሹክሹክታ፤
«ይኼም ገጽ የለም»፣ ጥቂት ቆይታ።
ከኋላችን ወንበር «ዝም!» ብሎ የሚቆጣ፤
እሷ ግን ወለሉን በእግሯ ትረግጣለች፣ ፍሬን እንደሚያዝ አደጋ ሲመጣ።

በመጨረሻውስ? ሠርግ ነው፤ ደወል፣ ርግብ፣ አበባ፤
ቀለበቱ ወደ ጣቷ፣ ወደዚያች ወደሌለችው ጣት፣ ቀስ ብሎ ገባ።

ስንወጣ ቦራ በሩ ላይ ጠበቀን፤
ከፊልሙ የተባረረ ተዋናይ ይመስል በጥፊ አጮለን፤
ማስታወቂያውን ገሽልጦ የልጅቱን ጥርስ ወደ ባሕር ወሰደ፤
ሊቪዮ «እሰይ!» ብሎ ለነፋሱ ሰገደ።

አንዲት ኮረዳ ግን፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ ዝቮንካ፣
ዓይኗ በርበሬ መስሎ፣ እንባዋን በእጅጌዋ ነካ ነካ፣
«እንዴት ያምራል!» አለችን። ዝም አልን።
«መጽሐፍ ነበረው እንዴ?» ብላ ጠየቀችን።
ኒቬስ ልትሰድባት አፏን ከፈተች፤
ነፋሱ አፏን ሞላው፤ ዘጋችው፤ ቦርሳዋን ዳሰሰች፤
ኅዳጉ በእርሳስ የጠቆረ የራሷን ቅጂ አውጥታ፣
«ሐሙስ ትመልሺልኛለሽ» አለቻት፣ እጇን ሳትፈታ።

እኔ ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥሁ፤
ሸውራራዋን ብፈልግ ወተት ጥርሷን አገኘሁ።
በየገጹ እሷ ናት፤ ዳገት ስትወጣም፣ ሾርባ ስታሞቅም፤
ያ የሐር ፀጉሯ በቦራ አይነቀነቅም።
ዐሥራ አንድ ዓመት በልቤ የሳልሁትን ፊት
በሁለት ሰዓት ፍቀው ሌላ ለጠፉበት።
ለዚህ ደግሞ ከፍያለሁ፤ ዘጠኝ ዩሮ፣ ከፋንዲሻ ጋር ዐሥራ ሦስት።

መብራቱን ላጠፋ ስል ዓይኔ እጇ ላይ ወደቀ፤
ገጽ ሁለት መቶ ሦስት፤ ገመዱ ጠበቀ፤
እዚያ ጋ ነው ጣቷን ከነደሙ የነጠቀ።
ዐሥር ጣት ያላት ልጅ ይህን ገጽ አታልፍም፤
እዚህ ስትደርስ ቆመች፤ ከዚህ ወዲያ የለችም።

ፊቷን ይውሰዱት፤ ጎዶሎዋን ግን ረስተው ሄደዋል፤
ያቺ ባዶ ቦታ የኔ ናት። ውጭ ቦራ መስኮት ይመታል።